ስለ ኪው አር ኮድ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በዛሬው ጊዜ ወደ አንድ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የገባ ሰው፣ በገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ ደቃቃ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች የተሰባጠሩበት ምልክት ተለጥፎ ማየቱ የተለመደ ሆኗል። ይኸው ምልክት በቡና ማሸጊያ፣ በመድኃኒት ካርቶን፣ በመለዋወጫ ዕቃ ሣጥንና በልዩ ልዩ ደረሰኞች ላይም ይገኛል። ስሙ ኪው አር ኮድ ይባላል። አያሌ ነጋዴዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ቢሆንም፣ በውስጡ ምን እንደ ተጻፈ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ማንስ ሊለውጠው እንደሚችል ጠይቀው የተረዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ ነጋዴ ያላነበበውን ውል እንዲፈርም ቢጠየቅ እሺ አይልም፤ በዓይን የማይነበበውን ይህን ምልክት ግን በሸቀጡና በገንዘብ መቀበያው ላይ ያለ ምርመራ ይለጥፈዋል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የምልክቱን አመጣጥና አሠራር፣ ይልቁንም ባለቤቱ ስለ ምልክቱ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለማስረዳት አስበናል። ቀጥለው የሚገኙት ዓመቶች፣ በሀገራችን አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምልክቱ አመጣጥ

ለኪው አር ኮድ መንገድ የጠረገለት፣ ወፍራምና ቀጭን መስመሮች የተሰለፉበት ባር ኮድ የሚባለው የዕቃ ምልክት ነው። ይህን ዘዴ ያሰቡት ጆሴፍ ውድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ የፈጠራ መብታቸው በ1952 ጸደቀላቸው። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ስለ ነበረ፣ በሱቅ ሥራ ላይ እስኪውል ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ጥቅል የሪግሊ ማስቲካ በ67 የአሜሪካ ሳንቲም ተሸጠ፤ በዚህ ዓይነት ባር ኮዱ ተነቦ ሒሳቡ የተሠራለት የመጀመሪያው ሸቀጥ ይኸው ማስቲካ ሆነ።

ባር ኮድ ለቸርቻሪ የበቃውን ያህል ለፋብሪካ አልበቃም። በሱቅ ዕቃ ላይ የሚታተመው የተለመደው ባር ኮድ የሚይዘው 13 አሐዝ ብቻ ነው። መስመሮቹ መረጃ የሚይዙት በስፋታቸው እንጂ በቁመታቸው ስላልሆነ፣ ቁመታቸው ቢረዝም የሚጨምሩት ነገር የለም። በጃፓን አገር የመኪና ክፍሎችን የሚሠራው የዴንሶ ኩባንያ በዚህ ምክንያት ይቸገር ነበር፤ ሠራተኞቹ በአንዱ ሣጥን ላይ የተለጠፉትን በርካታ ባር ኮዶች አንድ በአንድ እያነበቡ ሲደክሙ ይውሉ ነበርና። ማሳሂሮ ሃራ የተባሉት የኩባንያው መሐንዲስ ይህን ችግር ለማቃለል ተነሥተው፣ በአግድምም በቁመትም መረጃ የሚይዘውን ኪው አር ኮድ በ1994 አወጡ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ፈጣን ምላሽ» ማለት ከሆኑት ሁለት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተወሰደ ነው።

መሐንዲሱን ይበልጥ ያሳሰባቸው፣ ማንበቢያው መሣሪያ ምልክቱን በዙሪያው ካለው ጽሑፍና ሥዕል በቅጽበት ለይቶ የሚያገኝበት መንገድ ነበር። ለዚህም ሲሉ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ጋዜጦችን፣ መጽሔቶችንና የካርቶን ጽሑፎችን መረመሩ፤ በኅትመት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እምብዛም የማይገኘው የጥቁርና የነጭ ስፋት ምጣኔ የትኛው እንደ ሆነም ፈለጉ። ያገኙትም ጥቁር 1፣ ነጭ 1፣ ጥቁር 3፣ ነጭ 1፣ ጥቁር 1 የሚለውን ነው። በምልክቱ ሦስት ማዕዘኖች ላይ የምናያቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡት ትልልቅ ካሬዎች የተሠሩት በዚሁ ምጣኔ ነው። ስልኩ እነዚህን ሦስቱን ሲያገኝ የምልክቱን ወርድና አቀማመጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ምልክቱ ተገልብጦም ሆነ ተጋድሞ ቢቀርብ ይነበባል።

የምልክቱ መጠን እንደሚይዘው ጽሑፍ ብዛት ይለያያል። ትንሹ በየጎኑ 21 ደቃቃ ካሬዎች ሲኖሩት፣ ትልቁ 177 አሉት፤ ይህ ትልቁ እስከ 7,089 አሐዝ ሊይዝ ይችላል። ከዚህም በላይ ምልክቱ መጠባበቂያ አለው። ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰሎሞን የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት በ1960 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ተጨማሪ ቍጥሮች ተሰልተው ስለሚታተሙበት፣ ከፊሉ ቢቀደድ ወይም ቢቆሽሽ ስልኩ የጎደለውን አስልቶ ይሞላዋል። ይህ መጠባበቂያ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ዝቅተኛው 7 በመቶ ያህል፣ ከፍተኛው 30 በመቶ ያህል ጉዳት ይችላል። በመካከሉ የድርጅታቸውን ዓርማ የሚያሳትሙ ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ዓርማው የሚቀመጠው ለጭረትና ለእድፍ ከተተወው መጠባበቂያ ላይ ተቀንሶ ነውና።

ዴንሶ የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም፣ ደረጃውን ጠብቀው በሚጠቀሙበት ሁሉ ላይ መብቱን ላለመጠየቅ ወሰነ። በ2000 ምልክቱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰጠው። በ2002 ይህን ምልክት የሚያነብ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። በቻይና አሊፔይ የተባለው የክፍያ ድርጅት በ2011 ለገንዘብ መክፈያ አዋለው፤ በ2017 ደግሞ የአይፎን ስልክ ካሜራ ያለ ሌላ መተግበሪያ ያነብበው ጀመር። በእኛ አስተያየት ምልክቱን ከፋብሪካ አውጥቶ እስከ ጉሊት ያደረሰው፣ ከረቀቀው አሠራሩ ይልቅ ያለ ክፍያ መለቀቁ ነው።

በገንዘብ መቀበያው ላይ

በሀገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእጅ ስልክ መክፈል የብዙ ሰዎች ልማድ ሆኗል፤ ባንኮችም ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ። ለክፍያ የሚውለው ኪው አር ኮድ በሁለት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው ቋሚ የሚባለው ሲሆን፣ በወረቀት ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የነጋዴውን መለያ ይይዛል እንጂ የሚከፈለውን ገንዘብ ልክ አይዝም፤ ልኩን በስልኩ የሚጽፈው ከፋዩ ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ሽያጭ በመሣሪያ ላይ አዲስ ሆኖ የሚወጣው ነው፤ በውስጡም የገንዘቡ ልክ ተጽፎ ይገኛል።

ትላልቆቹ የክፍያ ካርድ ኩባንያዎች ያቋቋሙት ኢ ኤም ቪ ኮ የተባለው ድርጅት በ2017 ያወጣውን ደንብ ብንመለከት፣ በእንዲህ ዓይነቱ ምልክት ውስጥ የሚገኘው የነጋዴው መለያ፣ የንግዱ ዓይነት፣ የገንዘቡ ዓይነት፣ የአገሩ፣ የነጋዴውና የከተማው ስም ነው። የኢትዮጵያ ብር ለምሳሌ 230 በሚል ቍጥር ይጻፋል። በመጨረሻም አራት ምልክቶች ያሉት ማረጋገጫ ይታከልበታል። ይህ ማረጋገጫ ከላይ ያለው ጽሑፍ ሳይዛባ መነበቡን ይመሰክራል። ሆኖም ማንም ሰው ሊያሰላው የሚችል ስለ ሆነ፣ የአነባበብን ስሕተት ቢገልጥም የሰውን ተንኮል አይገልጥም። ሌባው የራሱን መለያ ጽፎ፣ ትክክለኛውን ማረጋገጫ አስልቶ፣ ምልክቱን አሳትሞ በነጋዴው ምልክት ላይ ሊለጥፈው ይችላል። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ያው ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ናቸው።

ይህም በተግባር የታየ ነገር ነው። በ2022 መጀመሪያ በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ፣ ከሃያ በሚበልጡ የመኪና ማቆሚያ መክፈያ መሣሪያዎች ላይ አታላዮች የለጠፏቸው ኪው አር ኮዶች ተገኙ። የሚያስደንቀው ከተማው ለማቆሚያ ክፍያ ኪው አር ኮድ ጨርሶ የማይጠቀም መሆኑ ነው፤ ሕዝቡ ግን ምልክቱን በየቦታው ማየት ስለ ለመደ የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። በቻይና የቋሚው ምልክት አደጋ አስቀድሞ በመታወቁ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2017 መጨረሻ ባወጣውና ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በጸናው ደንብ፣ አንድ ከፋይ በቋሚ ምልክት በቀን ሊከፍል የሚችለውን ገንዘብ በ500 ዩዋን ወሰነ። ለየሽያጩ አዲስ በሚወጣው ምልክት ግን ከዚህ የበለጠ መክፈል ተፈቅዷል።

አነስተኛ ባለ ሱቅ ውድ መሣሪያ ሳይገዛ ራሱን ሊጠብቅ ይችላል። ጧት ሱቁን ሲከፍት በራሱ ወይም በሠራተኛው ስልክ ምልክቱን ያንብብና የሚወጣው ስም የእርሱ መሆኑን ይመልከት፤ ይህ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ምልክቱን ከመስተዋት በታች ቢያስቀምጠው፣ በላዩ የተለጠፈ ነገር በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ደንበኛው ከመክፈሉ በፊትም በስልኩ ላይ የወጣውን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብ መጠየቅ ነውር የለበትም። እንዲያውም ሁለቱንም የሚጠብቅ ልማድ ነው፤ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ከሄደ ደንበኛው «ከፍያለሁ» ነጋዴውም «አልደረሰኝም» እያሉ በመሟገት ወዳጅነታቸው ይበላሻልና።

ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት ሊመረመር የሚገባው ደግሞ የነጋዴው የራሱ ስልክ ወይም ሒሳብ ነው። ደንበኛው የሚያሳየው «ተከፍሏል» የሚል ገጽ ትናንት የተነሣ ፎቶግራፍ ወይም በሐሰት የተቀነባበረ ሥዕል ሊሆን ይችላል። በተለይ ገበያ በሚደራበት ሰዓት፣ በበዓል ዋዜማም ጭምር፣ ገንዘብ ተቀባዩ የክፍያ መልእክት የሚደርስበት ስልክ በእጁ ከሌለና ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ፣ ሱቁ የሚሸጠው በእምነት ብቻ ነው። የሱቁ የክፍያ ስልክ ከሱቁ መውጣት አይገባውም።

በሸቀጥ ላይ ስለሚታተመው ምልክት

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው በይበልጥ ላኪዎችንና አምራቾችን የሚመለከት ነው። ጠቅለል ባለ አነጋገር፣ በቡና፣ በማርና በቅመማ ቅመም ማሸጊያ ላይ የሚታተመው ኪው አር ኮድ ስለ ዕቃው ብዙ ነገር አይዝም፤ የሚይዘው የድረ ገጽ አድራሻ ነው። ገዢው የቡናውን ወረዳ፣ የአጠባውን ዓይነትና የመከሩን ዓመት የሚያነበው በሌላ ቦታ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠው ገጽ ነው። እንግዲህ ማሸጊያው የሚያሳየው መንገዱን ብቻ ከሆነ፣ መድረሻው ቤት የማን ነው?

በዚህ ረገድ ሄንዝ በተባለው ስመ ጥር የምግብ ኩባንያ ላይ የደረሰው ሁኔታ ለሁሉ ትምህርት ይሆናል። ኩባንያው በጀርመን አገር ከ2012 እስከ 2014 ደንበኞች የጠርሙስ ጽሑፍ የሚነድፉበት ውድድር ከፍቶ፣ ወደ ውድድሩ ድረ ገጽ የሚመራ ኪው አር ኮድ በኬቻፕ ጠርሙሶች ላይ አሳተመ። ውድድሩ ሲያበቃ የድረ ገጹ ስም ኪራይ ሳይታደስ ቀረና ሌላ ሰው ወሰደው። በ2015 አንድ ጀርመናዊ ደንበኛ ከገዛው ጠርሙስ ላይ ምልክቱን ቢያነብ፣ ስልኩ የብልግና ሥዕሎች ወደሚያሳይ ድረ ገጽ ወሰደው። ደንበኛው ነገሩን ለሕዝብ ስለ ገለጠው ኩባንያው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ውድድሩ አልፏል፤ የኩባንያው የኪራይ ውል አልቋል፤ ጠርሙሶቹ ግን ገና በየሰው ቤት ነበሩ።

ከዚህ የምንረዳው የአድራሻው ዕድሜ ከሸቀጡ ዕድሜ መብለጥ የሚገባው መሆኑን ነው። ጥሬ ቡና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል አውሮፓ ደርሶ፣ በገዢው መጋዘን ቆይቶ፣ ተቆልቶ እስኪሸጥ ድረስ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ሊያልፍ ይችላል። የማር ብርጭቆ በመደርደሪያ ላይ ከዚያም በላይ ይቆያል። በየዓመቱ የሚታደስ የድረ ገጽ ስም በአንድ የተረሳ ክፍያ ምክንያት ቢጠፋ፣ ታትመው ባሕር የተሻገሩ ማሸጊያዎችን መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ከመርሳትም የባሰ አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ ድርጅቶች ዘንድ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ሳይሆን፣ ሥራውን በሠራው ባለሙያ ወይም በማተሚያ ቤቱ ስም ነው። ባለሙያው ሥራ ቢለውጥ ወይም ከነጋዴው ጋር ቢጣላ፣ የነጋዴው ሸቀጥ ሁሉ የሚያመለክተው ወደ ሌላ ሰው ንብረት ነው ማለት ነው። ይህም የመጋዘንን ቁልፍ ለአናጢው ትቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል። እንዲሁም በኢንተርኔት «ተለዋዋጭ ኪው አር ኮድ» እያሉ በወር ክፍያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ። በእነርሱ የተሠራው ምልክት የያዘው የነጋዴውን አድራሻ ሳይሆን የእነርሱን አድራሻ ነው፤ አንባቢው መጀመሪያ ወደ እነርሱ ሄዶ ከዚያ ወደ ነጋዴው ገጽ ይተላለፋል። ጥቅሙ፣ ማሸጊያው ከታተመ በኋላም ቢሆን መድረሻውን መለወጥ መቻሉ ነው፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ወርኃዊው ክፍያ ከተቋረጠ ወይም ድርጅቱ ከተዘጋ ምልክቱ ሁሉ ይሞታል። ነጋዴው ይህን ጥቅም ቢፈልግ በራሱ የድረ ገጽ ስም ሥር አጭር አድራሻ አስይዞ መድረሻውን ራሱ እንዲለውጥ ማድረግ ይችላል፤ ለሚያውቅ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ላኪው ከማተሚያ ቤቱ ጋር ከመዋዋሉ በፊት፣ ምልክቱ ሲነበብ የሚወጣውን አድራሻ ፊደል በፊደል በወረቀት ላይ ጽፈው እንዲያሳዩት ይጠይቅ። የስሙ ምዝገባ በድርጅቱ የንግድ ስም መሆኑን፣ የመግቢያው ምስጢር ቃልም በድርጅቱ እጅ መኖሩን ያረጋግጥ። ኪራዩን ለብዙ ዓመት አስቀድሞ መክፈል የሚቻል ከሆነ ይክፈል፤ ወጪው ከማሸጊያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የምልክቱ አስፈላጊነት ወደ ፊት እየጨመረ የሚሄድ ነው። የባር ኮድን ደረጃ የሚያወጣው ጂ ኤስ ዋን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በ2027 መጨረሻ የየሱቁ ማንበቢያ መሣሪያዎች ከመስመሩ ባር ኮድ ጋር ባለ ሁለት አቅጣጫውንም ምልክት እንዲያነቡ ዕቅድ አውጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸናው ሕግ፣ ልዩ ልዩ ምርቶች የዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖራቸው ወስኗል፤ ፓስፖርቱም በምርቱ ላይ በሚገኝ እንዲህ ባለ ምልክት አማካይነት የሚነበብ ይሆናል። አስቀድመው ከተመረጡት ምርቶች መካከል ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ስለሚገኙ፣ ወደ አውሮፓ ልብስ የሚልኩ ፋብሪካዎቻችን ነገሩን ከአሁኑ ቢከታተሉት መልካም ነው።

አስመጪው ሊጠነቀቅ ስለሚገባው

አስመጪዎች ብዙ ጊዜ «ካርቶኑ ላይ ኪው አር ኮድ አለበት፤ ስለዚህ ዕቃው እውነተኛ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ኪው አር ኮድ የታተመ ቀለም ነው፤ ማንም ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያደርገው ይችላል፤ ኮፒውም እንደ ዋናው ይነበባል። የአንዱን እውነተኛ የሞተር ዘይት ጣሳ ምልክት በሺህ የሐሰት ጣሳዎች ላይ ማተም የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። ሐሰተኛው ነጋዴ አምራቹን የሚመስል ድረ ገጽ ሠርቶ፣ «ዕቃው እውነተኛ ነው» ብሎ የሚመልስ ምልክትም ሊያሳትም ይችላል።

ጥበቃ የሚሰጠው ሌላ አሠራር ነው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ዕቃ የማይደገም ቍጥር ሰጥቶ በመዝገቡ ከያዘ፣ ያው ቍጥር ዛሬ በአዲስ አበባ፣ ነገ በናይሮቢ፣ ከነገ ወዲያ በዱባይ ሲነበብ መዝገቡ ነገሩን ይገልጠዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ መድኃኒቶች ላይ ያዘዘው ይህንኑ ነው፤ ምልክቱ ዳታ ማትሪክስ የተባለው የኪው አር ኮድ ዘመድ ሲሆን፣ መድኃኒት ቤቱ መድኃኒቱን ለበሽተኛው ሲሰጥ ቍጥሩን ከመዝገብ ያሰርዛል። እንግዲህ አስመጪው ጥቂት ካርቶኖችን ከፍቶ የአንዱን ዕቃ ምልክት ከሌላው ጋር ያስተያይ፤ የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ምልክቱ ማስታወቂያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫ ሲፈልግም በካርቶኑ ላይ ባለው አድራሻ ሳይሆን፣ ከአምራቹ ጋር በተጻጻፈበትና ከዚህ በፊት በሚያውቀው አድራሻ ይጠይቅ።

ስለ ኅትመቱ

የኅትመቱ ነገር አጭር ነው። ምልክቱ ጥቁር ወይም ደማቅ ጠቆር ያለ ቀለም ሆኖ በነጭ ላይ ይታተም። በሚያብረቀርቅ ወርቃማ ወረቀት ላይ የታተመ ምልክት ለዓይን ቢያምርም፣ ነጸብራቁ ካሜራውን ያሳስተዋል። በዙሪያው በአራቱም ጎን የአራት ደቃቃ ካሬ ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ይተው፤ ማሸጊያ የሚነድፉ ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚነጥቁት ይህንኑ ነው። የምልክቱ ወርድ ከሚነበብበት ርቀት ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለሚነበብ 3 ሳንቲ ሜትር፣ በግድግዳ ላይ ሆኖ ከ2 ሜትር ለሚነበብ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አድራሻው በረዘመ ቍጥር ካሬዎቹ እየደቀቁ ስለሚሄዱ አጭር አድራሻ ይመረጣል። በቃጫ ጆንያ ላይ በቀጥታ ከማተም ይልቅ በጆንያው ላይ በሚሰፋ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ ማተም ይሻላል፤ የጆንያው ሽመና ደቃቃዎቹን ካሬዎች ያዛባቸዋል። ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ገዢም አድራሻው ከምልክቱ ሥር በፊደል ይጻፍለት።

ማተሚያ ቤቱ ሙሉውን ብዛት ከማተሙ በፊት ናሙና ይቀበሉ፤ ናሙናውንም በአዲስ ስልክ ብቻ ሳይሆን ካሜራው በደከመ አሮጌ ስልክ፣ በፀሐይና በመጋዘን ጨለማ ውስጥ ያስነብቡት። ማሸጊያው በሚሞላበት ጊዜ የሚጨማደድ ከሆነ ደግሞ ናሙናውን ሞልተው ይሞክሩት፤ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተነበበ ምልክት ኪሎ ቡና ሲገባበት ላይነበብ ይችላልና።